በማስፈራራት ማሠራትና በማገዝ ማሠራት

አንድ ነጋዴ ወይም ባለ ፋብሪካ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ሲዘጋ የዕቃውን ዋጋ፥ የመጋዘኑን ኪራይ፥ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ወጪ፥ የሠራተኞቹንም ደመወዝ በየረድፉ ተጽፎ ያገኘዋል። ዳሩ ግን በቀላሉ የማይገመት አንድ ወጪ በመዝገቡ ላይ ከቶ አይታይም። ይኸውም ሠራተኛው አይቶት ሳለ አለቃውን ፈርቶ ሳይናገረው ከቀረ ነገር የሚመጣው ኪሣራ ነው። የተበላሸው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲበላሽ አይቶ ዝም ያለው ሰውና ዝም ያለበት ምክንያት ግን በየትኛውም ዓምድ አይገባም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሰው ሥጋ ብቻ አይደለም። የንግድ ቤትም እንደ ሰው ይታመማል፤ ሕመሙንም አስቀድሞ የሚያውቀው በጽሕፈት ቤቱ የተቀመጠው ባለቤት ሳይሆን፥ በመጋዘኑ ውስጥ፥ በመሣሪያው አጠገብና በደንበኛው ፊት የቆመው ሠራተኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው፥ ሠራተኛው ያየውን ለአለቃው እንዲነግር የሚያደርገው የአመራር ጠባይ የትኛው እንደ ሆነና ዝም የሚያሰኘውስ የትኛው እንደ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከአገራችን አዋጅ ቍጥር በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሁለቱ የአመራር ጠባዮች

በአለቃና በሠራተኛ መካከል ስላለው ግንኙነት ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። ከእነርሱም አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ናቸው። ቴይለር በ1911 ዓ.ም. ባሳተሙት ስለ ሳይንሳዊ የሥራ አመራር በሚናገረው መጽሐፋቸው፥ ሥራ ሁሉ ተከፋፍሎና በሰዓት ተለክቶ እንዲሠራ፥ ማሰቡና ማቀዱ የሥራ መሪው ድርሻ፥ መፈጸሙ ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ እንዲሆን አስተማሩ። ይህ ትምህርት ለፋብሪካዎች ታላቅ ጥቅም እንዳስገኘ አይካድም። ነገር ግን ብዙ አሠሪዎች ከትምህርቱ የወሰዱት የሥራውን ልክ ብቻ አልነበረም። ሠራተኛ የሚፈለገው ለእጁ እንጂ ለአእምሮው አይደለም የሚለውንም መንፈስ አብረው ወሰዱ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ዳግላስ ማክግሬገር ሌላ መጽሐፍ አወጡ። እርሳቸውም አለቆች ስለ ሠራተኛ በልባቸው የሚይዙትን እምነት በሁለት ከፍለው አንዱን «ንድፈ ሐሳብ ኤክስ»፥ ሁለተኛውን «ንድፈ ሐሳብ ዋይ» ብለው ሰየሙት። በመጀመሪያው እምነት ሰው በተፈጥሮው ሥራን ይጠላል፤ ስለዚህ ካልተገደደ፥ ካልተጠበቀና ቅጣት ካላስፈራው አይሠራም። በሁለተኛው እምነት ግን ሥራ ለሰው እንደ ጨዋታና እንደ ዕረፍት ሁሉ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ሰው ላመነበት ዓላማ ራሱን በራሱ ይቈጣጠራል፥ ሁኔታው ሲመቻችለትም ኃላፊነትን ይፈልጋል።

ማክግሬገር ካስተማሩት ሁሉ ለነጋዴ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው። የአለቃው እምነት ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል። ሠራተኛውን እንደ ሰነፍና እንደ ሌባ ቈጥሮ የሚይዝ አለቃ፥ ሠራተኛው ቀስ በቀስ በተቈጠረለት ልክ ሲሆንበት ያያል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ ከራሱ አያያዝ የመጣ መሆኑን ሳይገነዘብ፥ አስቀድሜ አውቄው ነበር ይላል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት አሳብ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ በሥራ የተፈተነ አንድ ታሪክ እናቅርብለት።

የፍሬሞንት ፋብሪካ

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፥ ፍሬሞንት በምትባል ከተማ፥ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበረው። በፋብሪካው ውስጥ በአለቆችና በሠራተኞች መካከል የነበረው ጠብ ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማ ነበር። ያለ ፈቃድ ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛ ከመቶ 20 በላይ የሚደርስበት ጊዜ ነበረ፤ ድንገተኛ የሥራ ማቆም አድማ ይደረግ ነበር፤ ያልተፈታ የአቤቱታ ወረቀት በብዙ ሺሕ ተከማችቶ ነበር። በዚያ ፋብሪካ የመገጣጠሚያው መሥመር እንዲቆም ከቶ አይፈለግም ነበር። ሠራተኛው ብሎኑ እንደ ላላ ወይም በሩ እንደ ተጣመመ ቢያይም መኪናው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ጉድለቱም በመጨረሻ በሌላ ሠራተኛና በሌላ ወጪ ይጠገናል፤ ያልታየው ደግሞ እስከ ገዢው ቤት ይደርሳል። ኩባንያውም በ1982 ዓ.ም. ፋብሪካውን ዘጋው።

ከ2 ዓመት በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም.፥ ጄኔራል ሞተርስና የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በሽርክና ኑሚ የሚባል አዲስ ድርጅት አቋቁመው ያንኑ ፋብሪካ እንደ ገና ከፈቱት። የሥራውን አመራር የያዘው ቶዮታ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች ከመቶ 85 ያህሉ ከአሮጌው ፋብሪካ የተሰናበቱ ሠራተኞች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበሩም ያው የቀድሞው ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ድርጅቱ ሳይጀምር ያለቀለት ነው ብለው ገመቱ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚቀረው ሠራተኛ ከመቶ 5 በታች ወረደ፤ የሥራው ውጤት ከጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ ላቀ፤ የመኪኖቹም ጥራት በጃፓን አገር ከሚሠሩት ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሕንፃው ያው፥ ከተማው ያው፥ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች ነበሩ። የተለወጠው አመራሩ ነበር።

ምን ተለወጠ?

ከሁሉ አስቀድሞ የተለወጠው የትምህርቱ ነገር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በመቶ የሚቈጠሩ የቡድን መሪዎች ወደ ጃፓን ተልከው፥ በቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ከጃፓናውያን ሠራተኞች አጠገብ ቆመው ሥራውን በእጃቸው ተማሩ። ሁለተኛ፥ ሠራተኞቹ በትንንሽ ቡድን ተከፈሉ፤ የቡድኑም መሪ ሰዓት ያዥ ሳይሆን የጐደለውን የሚሞላ፥ ያቃተውን የሚያግዝ ሰው ሆነ። ለአለቆች ብቻ ተለይቶ የነበረው የመኪና ማቆሚያና የምግብ አዳራሽም ቀረ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚደነቀው የገመዱ ነገር ነው። በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ገመድ ተዘረጋ። ሠራተኛው ጉድለት ባየ ወይም ሥራው ባመለጠው ጊዜ ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፥ የሙዚቃ ድምፅ ይሰማል፤ የቡድኑ መሪም ወዲያው ይደርሳል። ጉድለቱን በዚያው ጊዜ ማቃናት ካልተቻለ መሥመሩ በሞላ ይቆማል። መሪው ሲደርስ የሚጠይቀውም ጥያቄ ማን አጠፋ የሚል ሳይሆን ምን ሆነ የሚል ነው። በአሮጌው ፋብሪካ ቢደረግ የሚያስቀጣው ነገር በአዲሱ ምስጋና የሚያሰጥ ሆነ።

አራተኛ፥ የሥራው ልክ ከቀድሞው ይልቅ ጠበቀ እንጂ አልላላም። ይህ ብዙ ሰዎች የሚስቱት ነገር ስለ ሆነ በሚገባ ሊታወቅ ይገባል። በኑሚ እያንዳንዱ ሥራ በምን ቅደም ተከተል፥ በስንት ሴኮንድ እንደሚሠራ ተለክቶ በወረቀት ተጽፎ ነበር። ይህም የቴይለር ትምህርት ነው። ልዩነቱ ግን የሰዓት መለኪያውን የያዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ቀድሞ መሐንዲሶች ከላይ መጥተው ሠራተኛውን ይለኩት ነበር፤ ሠራተኛውም ሲለካ ቀስ ብሎ ይሠራና የቀረውን ጊዜ ለራሱ ይደብቅ ነበር። በኑሚ ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው እየተለካኩ፥ የተሻለውን መንገድ እየመረጡ ልኩን ጻፉት፤ የተሻለ አሳብ በተገኘ ጊዜም ይለውጡታል። ስለዚህ ቍጥጥሩ በሰው ላይ የሚጫን መሆኑ ቀርቶ በሥራው ላይ የተጣለ ሆነ።

አምስተኛ፥ ድርጅቱ የገባውን ቃል ጠበቀ። በ1987 እና በ1988 ዓ.ም. የመኪናው ገበያ ቀዝቅዞ ሥራው እጅግ በቀነሰ ጊዜ፥ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ትርፍ የሆኑት ሰዎች በትምህርትና ሥራውን በማሻሻል ተግባር እንዲቈዩ ተደረገ። ሠራተኛው ሥራን የሚያቀልል አሳብ ባመጣ ጊዜ በገዛ አሳቡ እንጀራውን እንደማያጣ ያመነው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን ያላመነ ሠራተኛ ከቶ ምን ብሎ አሳቡን ይሰጣል?

ታሪኩን ለመፈጸም ያህል፥ ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ዓ.ም. ከሽርክናው ስለ ወጣ ፋብሪካው በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። ቢሆንም በ25 ዓመት ውስጥ ያስተማረው ትምህርት አልተዘጋም።

ማገዝ ማለት መልቀቅ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይደርስ እንጠንቀቅ። አንዳንድ አሠሪዎች ስለ ደጋፊ አመራር ሲሰሙ፥ ሠራተኛውን እንደ ፈቀደው መልቀቅ መስሎአቸው ይደነግጣሉ። ሌሎችም በዚሁ አሳብ ተታለው ሥራቸውን ያለ ጠባቂ ትተው ይከስራሉ።

ኩርት ሌዊን፥ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትና በ1939 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። 10 ዓመት ያህል የሆናቸውን ልጆች በትንንሽ ቡድን አቋቁመው በተለያዩ መሪዎች ሥር የእጅ ሥራ እንዲሠሩ አደረጉ። አንዱ ዓይነት መሪ ሁሉን ራሱ የሚያዝ፥ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር የሚመክርና የሚያግዝ፥ ሦስተኛው ዝም ብሎ የሚተው ነበር። በአዛዡ መሪ ሥር የነበሩት ልጆች መሪው በፊታቸው ሳለ ብዙ ሠሩ። እርሱ ከክፍሉ በወጣ ጊዜ ግን ሥራቸው ወዲያው ወደቀ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ ቍጣቸውን በጓደኞቻቸው ላይ ተወጡ፥ ሌሎቹም ፈዝዘው ተቀመጡ። በሚመክረው መሪ ሥር የነበሩት እርሱ ቢወጣም ሥራቸውን ቀጠሉ። ዝም ብሎ በተዋቸው መሪ ሥር የነበሩት ግን የሠሩት ጥቂት፥ እርሱም የማይረባ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው አለቃ ሦስት መንገድ እንዳለው ነው። ማስፈራራት አለ፤ መተው አለ፤ ማገዝ አለ። መተው ከማስፈራራት የሚሻል አይደለም። ማስፈራራትም አለቃው በቆመበት ሰዓት ብቻ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ነጋዴ ደግሞ ወደ ጉምሩክ፥ ወደ ባንክ፥ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል እንጂ ቀኑን ሁሉ በሱቁ በር ላይ ሊቆም አይችልም።

መሣሪያውን መቅዳትና ጠባዩን መቅዳት

ጄኔራል ሞተርስ የኑሚን ውጤት ባየ ጊዜ በዚያው በካሊፎርኒያ፥ ቫን ናይስ በሚባል ስፍራ ወደ ነበረው ሌላ ፋብሪካው አሠራሩን ለማዛወር ሞከረ። የቡድኑ አሠራርና ገመዱ በዚያም ተተከለ። ነገር ግን አለቆቹ የሚመዘኑት እንደ ቀድሞው በቀን በሚወጣው የመኪና ብዛት ስለ ነበረ፥ ገመዱን የሳበ ሠራተኛ የሚያገኘው እገዛ ሳይሆን ቍጣ ሆነ። ሠራተኞቹም ብዙዎቹ አዲሱን አሠራር አላመኑትም። ያ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ተዘጋ። ገመድ በገንዘብ ይገዛል፤ ገመዱን ያለ ፍርሃት የሚስብ ሠራተኛ ግን የሚገኘው ከአለቃው ጠባይ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ትምህርት በ2009 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ረዳትነት በ30 ያህል ድርጅቶች ላይ መሞከር ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የዕቃውን ቦታ መለየት፥ ወለሉን ማጽዳትና በግድግዳው ላይ ሰሌዳ መስቀል የትምህርቱ መጀመሪያ ነው፤ መልካምም ነው። ሆኖም ሰሌዳው ተሰቅሎ ሳለ ሠራተኛው በሰሌዳው ላይ እውነቱን ለመጻፍ የሚፈራ ከሆነ፥ የቫን ናይስ ገመድ በእኛም ቤት ተንጠልጥሎአል ማለት ነው።

በንግድ ቤታችን

ለምሳሌ አንድ ቡና ላኪ እናስብ። በክረምት ሌሊት የመጋዘኑ ቆርቆሮ አፍስሶ ጥቂት ጆንያ ቡና ረጠበ እንበል። ማለዳ ቀድሞ ያየው የመጋዘኑ ጠባቂ ነው። አለቃው ክፉ ወሬ በሰማ ቍጥር የሚጮኽና ዋጋውን ከደመወዝ የሚቈርጥ ሰው ከሆነ፥ ጠባቂው የረጠበውን ጆንያ ከደረቀው ሥር አግብቶ ዝም ይላል። ቡናው ይሻግታል፤ ሽታውም ወደ ጎረቤቱ ጆንያ ይተላለፋል፤ ተጭኖ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ባሕር ተሻግሮ ገዢው ሲከፍተው ጉዱ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ኖሮ ጥቂቱን ጆንያ ለይቶ ማውጣትና ቆርቆሮውን ማስጠገን ይበቃ ነበር። አሁን ግን የዋጋ ቅናሽ፥ ክርክር፥ ከዚያም በላይ የስም መጥፋት ተከተለ። ላኪው ይህን ሁሉ የከፈለው ለዝናቡ አይደለም፤ ለጠባቂው ዝምታ ነው።

ስለዚህ ለባለ ንግድና ለባለ ፋብሪካ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እናሳስባለን።

1ኛ፤ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ አመስግኑት። የምትቈጡም ቢሆን ነገሩን ካቃናችሁ በኋላ ይሁን። አንድ ሰው እውነት ተናግሮ በሰው ፊት ከተዋረደ፥ የሚያዩት ባልንጀሮቹ ሁሉ ዝምታን በዚያው ቀን ይማራሉ።

2ኛ፤ ሥራውን ለኩ፥ ልኩንም ከሚሠራው ሰው ጋር አውጡ። ምን ያህል፥ በምን ጥራት፥ እስከ መቼ የሚለው በግልጽ ያልተነገረው ሠራተኛ የሚቈጣጠረው የአለቃውን ፊት እንጂ ሥራውን አይደለም።

3ኛ፤ ካቦውን አስተምሩት። በብዙ ቤት ጎበዝ ሠራተኛ የሆነ ሰው አንድ ቀን ካቦ ይደረጋል፤ ሰውን እንዴት እንደሚያሠራ ግን ማንም አላስተማረውም። እርሱም የሚያውቀውን፥ ማለት የራሱ አለቃ በእርሱ ላይ ያደረገበትን፥ በሌሎች ላይ ያደርጋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

4ኛ፤ ስሕተትን ከተንኰል ለዩ። የሰረቀ፥ ሰነድ የለወጠ፥ ሆን ብሎ ያበላሸ በሕግና በሥራው ደንብ መሠረት ይቀጣ። የተሳሳተው ግን ይማር። በተለይም የተሰበረውን ዕቃ ዋጋ ሁሉ ከደመወዝ መቍረጥ ልማድ የሆነበት ቤት፥ ሕጉን ተመልክቶ ልማዱን እንዲመረምር ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በቀር ከደመወዝ መቀነስን አይፈቅድም፤ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይወስናል። ከሕጉም በላይ፥ ስብራትን በደመወዝ የሚያስከፍል ቤት ስብራትን መደበቅን ያስተምራል።

5ኛ፤ እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት የሚሆነውን አስተውሉ። በፊታችሁ የሚታየው ትጋት የአመራራችሁ መለኪያ አይደለም። መለኪያው በሄዳችሁ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ምክር ለመፈተን የሚወድ አንባቢ ቢኖር፥ ለአንድ ወር አንድ ትንሽ ደብተር ይያዝ። በቤቱ ስለ ደረሰ ጉድለት ሁሉ ቀኑንና ወሬውን መጀመሪያ የነገረውን ሰው ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ይቍጠረው። ከሠራተኞቹ አፍ የሰማው ብዙ ከሆነ፥ ጉድለቱ ገና ትንሽ ሳለ እየደረሰለት ነው፤ ደስ ይበለው። ከደንበኛው፥ ከባንኩ ወይም ከመንግሥት ተቈጣጣሪ የሰማው የሚበዛ ከሆነ ግን፥ ሠራተኞቹ አስቀድመው ያውቁት እንደ ነበር ይጠይቅ። የሚያውቁት ሆነው ካገኛቸውም፥ ለምን እንዳልነገሩት ሲመረምር ከራሱ ይጀምር።